ጋሽ ዘነበ የተባሉት ሰው የፈተና ሻጭ አለመሆናቸውን ስለማስረዳት

ቀን፦ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚዛነ ቀመር የሂሳብ ሙያ ምዘና ተቋም
የፈተና ቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ለተከበሩ ወ/ሮ ፀዳለ አካሉ
አዲስ አበባ

አመልካቾች፦ 1ኛ. ሰገነት ሕሩይ
2ኛ. ሬድዋን ሸምሱ
3ኛ. ጵርስቅላ ሕዝቅኤል
አድራሻ፦ የካ ክፍለ ከተማ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም

ጉዳዩ፦ በቢዝነስ ሕግ ፈተና ኮርጃችኋል ተብሎ የታገደብን ውጤት እንዲለቀቅልን ስለመጠየቅ፣ እንዲሁም በመልሶቻችን ውስጥ የተገኙት ጋሽ ዘነበ፣ እትዬ ብዙነሽና አንድ ከዘራ ከየት እንደመጡ ስለማስረዳት

የተከበሩ ወ/ሮ ፀዳለ፣

ይህን አቤቱታ በሦስታችን ስም የምጽፈው እኔ አንደኛ አመልካች ነኝ። ሁለቱ ጓደኞቼ አንቺ ጻፊው ያሉኝ ከሦስታችን ሳትስቅ መጻፍ የምትችለው ሰገነት ናት ብለው ነው። ግምታቸው ትክክል አለመሆኑን ከወዲሁ አሳውቃለሁ። በጽሑፉ መካከል ከቢሮ ወግ ወጣ ያለ ነገር ቢያጋጥምዎ ንቀት ሳይሆን ደስታ መሆኑን ተረድተው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የተከሰሰ ሰው ለምን ይደሰታል ቢሉ፣ ምክንያቱን በየተራው አቀርባለሁ።

1. በቅድሚያ ማንነታችንን ላስረዳ። ሦስታችንም አንድ ብሎክ ውስጥ የምንኖር፣ ጠዋት ጠዋት አንድ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምንገናኝ ጎረቤታሞች ነን። እኔ መገናኛ አካባቢ የግንባታ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ረዳት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሬድዋን በአንድ የመድኃኒት መጋዘን፣ ጵርስቅላ ደግሞ ኮተቤ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት በዚሁ ሙያ ተቀጥረው ይሠራሉ። የተቋምዎን የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት ለማግኘት የቀረን አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ እሱም ቢዝነስ ሕግ ነው። ሂሳቡንም ኦዲቱንም ታክሱንም አልፈናል። ሕጉ ግን እምቢ አለን። እኔን በተለይ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። «አንደኛው ወገን ለሁለተኛው ወገን ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ ዓይኔ ይከደናል። መሥሪያ ቤቴ ዋና የሂሳብ ሠራተኛ ሊያደርገኝ ቦታውን ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው ይህን አንድ ፈተና እስካልፍ ነው። ሥራ አስኪያጄም ትዕግሥታቸው እያለቀ መሆኑን በቁልምጫ ስሜ መጥራት በመተው አሳውቀውኛል።

2. የኮንዶሚኒየም ቤት ለጥናት አይመችም። ከእኔ ቤት በላይ ሕፃናት ይሮጣሉ፣ በሬድዋን ቤት ቴሌቪዥን አይጠፋም፣ በጵርስቅላ ቤት የመዘምራን ልምምድ አለ። ስለዚህ የእድራችን ዕቃ ቤት እንዲፈቀድልን የእድሩን ዳኛ ጠየቅን። ዳኛው ጋሽ ዘነበ ይባላሉ። የተከበረው የዲሲፕሊን ኮሚቴ በቃለ ጉባኤው «ዘነበ የተባለ ግለሰብ» ያላቸው እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቻቸውም ወልደው ከብደው በየፊናቸው ወጥተዋል። ሳያንገራግሩ ፈቀዱልን።

ነገር ግን የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ዕቃ ቤቱ በሁለት ጓጉንቸር እንዲቆለፍ፣ የአንዱ ቁልፍ በዳኛው፣ የሌላው በዕቃ ኃላፊዋ እጅ እንዲሆን፣ ከሁለቱ አንዳቸው በሌሉበት በሩ እንዳይከፈት ያዛል። በእኛ ሙያ ይህ የውስጥ ቁጥጥር ይባላል፤ በጣም የሚመሰገን አሠራር ነው። ዕቃ ኃላፊዋ ወ/ሮ ብዙነሽ ናቸው። እንጦጦ ራጉኤል ሥር ተወልደው ያደጉ፣ እሳቸውም ባለቤታቸውን በሞት ያጡ፣ ከድንኳኑ አንድ ካስማ ቢጎድል ቤት ለቤት ዞረው የሚያስመልሱ ሴት ናቸው። እንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ለጥናት በገባን ቁጥር ሁለቱም መምጣት፣ ሁለቱም መክፈት፣ እስክንጨርስም ሁለቱም መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። ይህን ያደረገው ደንቡ ነው፤ ማንም ሰው አላቀደውም።

3. መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከድስቱ ክምር ግራና ቀኝ ተቀምጠው እኛ ስናንቀላፋ ያዩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ዘነበ ትዕግሥታቸው አለቀና ይህን አንደኛ ወገን የምትሉትን ሰውዬ እኔ ልሁንላችሁ አሉ። ሁለተኛው ወገንስ ማን ይሁን ሲባል ከወ/ሮ ብዙነሽ ሌላ ሰው በቤቱ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ነፍስ ዘራ።

ስለ ውል የመዋዋል ችሎታ ስናጠና ጋሽ ዘነበ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነው ሞተር ሳይክል ሊገዙ መጡ፤ ሻጯ ወ/ሮ ብዙነሽ «ወላጅህን ይዘህ ና» ብለው ከበር መለሷቸው። ስለ ማስገደድ ስናጠና ወ/ሮ ብዙነሽ የእድሩን ትልቁን ጭልፋ ይዘው አስፈረሟቸው፤ ጋሽ ዘነበም ውሉ ይፍረስልኝ ብለው ለሦስታችን አቤት አሉ። ስለ ንግድ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ያጠናን ዕለት ወ/ሮ ብዙነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው በርሜል ላይ ወጡና «እኔ ማኅበር ነኝ። አባሎቼ ይሞታሉ፣ እኔ አልሞትም፤ እንዲያውም እነሱን የምቀብረው እኔ ነኝ» አሉ። ለእድር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ የወደቅሁበት ምዕራፍ ያን ዕለት ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህም ከአእምሮዬ አልወጣም።

በዚያው ቀን ሬድዋን አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም መፍቀዱን አነበበ። ጋሽ ዘነበ ትንሽ አሰቡና «ባለ አንድ አባል ማኅበር። እኔ ማለት ነኛ» አሉ። እኛ ሳቅን። ወ/ሮ ብዙነሽ አልሳቁም፤ ከበርሜሉ ወርደው ብርጭቆ መቁጠር ጀመሩ። ያን ጊዜ ልብ ያላልኩትን አሁን ለማስረጃ ያህል አስመዘግባለሁ።

4. አሁን ወደ ክሱ ሥር ደረስን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1682 መሠረት ዝም ማለት የቀረበን ሐሳብ እንደመቀበል አይቆጠርም። መጽሐፋችን ይህን የሚያስረዳው በፈረስ ነው። ገዢው «መልስ ካልሰጠኸኝ ፈረሱን እንደሸጥክልኝ እቆጥረዋለሁ» ብሎ ይጽፋል፣ ባለፈረሱ ዝም ይላል፤ ውል አለ ወይስ የለም ነው ጥያቄው። ጋሽ ዘነበ የካ አባዶ ውስጥ ፈረስ ያለው ሰው አላውቅም ብለው ፈረሱን በነጭ በግ ለወጡት። በጉ የወ/ሮ ብዙነሽ፣ ገዢው እሳቸው ሆኑ።

ልምምዱ እንዲህ ነበር። ጋሽ ዘነበ «ዝም ካልሽ በጉ የእኔ ነው» ይላሉ። ወ/ሮ ብዙነሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ ጋሽ ዘነበ ወደ እኛ ዞረው «ዝም አለች» ሲሉ እኛ ሦስታችን በአንድ ድምፅ «ዝም ማለት መቀበል አይደለም» እንላለን። ጋሽ ዘነበ ትምህርት የሚዘልቀው በድግግሞሽ ነው ብለው ስለሚያምኑ ይህን በየሳምንቱ አስደገሙን። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ከኋላችን መጥተው «ዝም አለች» ይሉናል፤ እኛም ዞር ሳንል እንመልሳለን። መልሱ ሳናስበው ከአፋችን መውጣት መጀመሩን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው በዚህ ነውና።

5. በታኅሣሥ ወር አንድ እሑድ ወ/ሮ ብዙነሽ ስለት ለማግባት ወደ እንጦጦ ራጉኤል ሲወጡ መጽሐፋችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የተራራ አየር ለጭንቅላት ጥሩ ነው አሉን። ጋሽ ዘነበም ሱፋቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሬድዋንና ጵርስቅላ ከቅጥሩ ውጭ ቆሎ እየቆረጠሙ ጠበቁን። ቅዳሴው ሲያልቅ በባሕር ዛፉ መካከል በእግር መውረድ ጀመርን። ቁልቁለቱ ላይ ወ/ሮ ብዙነሽን ቅጠሉ አዳለጣቸው። ጋሽ ዘነበ ከዘራቸውን ሰጧቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉ።

ጥቂት እንደሄድን ጋሽ ዘነበ ቆሙ። ልምምድ የሚጀምሩ መስሎን እኛም ቆምን። «ብዙነሽ» አሉ፤ «ባለ አንድ አባል ማኅበር ሆኖ መኖር ሰለቸኝ። አንቺም ብቻሽን ነሽ። አብረን ብንሆን ምን ይመስልሻል? ዝም ካልሽ እሺ እንዳልሽ እቆጥረዋለሁ።» በንግግሩ ውስጥ በግ አልነበረም። ወ/ሮ ብዙነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው መሬት መሬት አዩ። ዝም አሉ። ጋሽ ዘነበ ፊታቸው በርቶ፣ እንደዚያ ሲበራም አይቼው አላውቅም፣ ወደ እኛ ዞረው «ዝም አለች» አሉ።

የተከበሩ ወ/ሮ ፀዳለ፣ እኛ ምን እናድርግ? ሦስታችንም በአንድ ድምፅ «ዝም ማለት መቀበል አይደለም» አልን።

ነገሩ የገባን ቃሉ ከአፋችን ከወጣ በኋላ ነው። ጵርስቅላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ ዘነበ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ «ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉና ቀድመውን ቁልቁለቱን ወረዱ። ያለ ከዘራ ነው የወረዱት።

6. ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዘነበ ቁልፋቸውን ይዘው በሰዓቱ ይመጣሉ፣ ደንቡ ስለሚያዝም ይከፍታሉ፣ ግን ደረጃው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ጋዜጣ ያነባሉ። አንደኛ ወገን አጣን። ሬድዋን እሳቸውን ተክቶ ሊጫወት ቢሞክር ወ/ሮ ብዙነሽ «ተው አንተ» ብለው አስቆሙት። ድስት ሲያስቀምጡም ድምፁ ከወትሮው በረታ። እኛም አንገታችንን ደፍተን የቼክና የኪሣራ ሕግ አጠናን፤ ለዚያ ሰሞን ስሜታችን የሚስማማ ምዕራፍ ነበር።

7. ጥር 3 ቀን፣ የፈተናው ዕለት ጠዋት፣ ወ/ሮ ብዙነሽ ሊሸኙን ታክሲ ሰልፉ ላይ ቆመው አገኘናቸው። እሳቸውም አብረውን ተሳፈሩና ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተጠጋግተን ተቀመጥን። ኮተቤን እንዳለፍን ወ/ሮ ብዙነሽ ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ያኮረፈው ብለው ጠየቁን። ጵርስቅላ «እትዬ፣ እምቢ ስላሏቸው ነዋ» አለች። ወ/ሮ ብዙነሽ ደነገጡ። «ማን? እኔ? ዝም አልኩ እንጂ መቼ እምቢ አልኩ? እሺ ብዬ አይደል እንዴ ዝም ያልኩት? ሴት ልጅ እዚያ ተራራ ላይ ቆማ እሺ ብላ ትጩህ? እምቢ ብል ኖሮ ከዘራውን እዚያው አልመልስለትም ነበር? ይኸው እስከ ዛሬ ቤቴ ቆሞ የለም እንዴ?»

ሦስታችን ተያየን። ከፊት የተቀመጡ የማናውቃቸው እናት እልል አሉ። ረዳቱ ወራጅ ያለ መስሎት በሩን ደበደበ፣ ሹፌሩም መኪናውን ጥግ አስያዘ፤ የሚወርድ ሰው ግን ጠፋ። ሬድዋን ከሳቁ ብዛት ካልኩሌተሩ ከእጁ ወደቀበት። እኔ ፈተና ላይ እንደምሄድ ረሳሁ። በሕይወቴ ከዚያ ጠዋት የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ወ/ሮ ብዙነሽ ግን ወዲያው ኮስተር ብለው ቃል አስገቡን። ለእሱ ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ቸኩላ ላከችብኝ እንዳይል፣ ራሱ ደግሞ ይጠይቀኝ አሉ። እኔ በራጉኤል ማልኩ፣ ሬድዋን ወላሂ አለ፣ ጵርስቅላ መሐላ ስለማትወድ ቃሌ ይበቃል አለች።

8. እንዲህ ባለ መንፈስ ነው ወደ መፈተኛ ክፍሎቻችን የገባነው፤ ክፍሎቻችን ሦስት የተለያዩ መሆናቸውን የመቀመጫ ቁጥራችን ያሳያል። ሦስተኛውን ጥያቄ ስገልጥ አንድ ፋብሪካ አሮጌ ማሽን ሊገዛ ለባለቤቱ ጽፎ «ዝም ካልክ እንደተስማማህ እቆጥረዋለሁ» ይላል፤ ባለቤቱም ዝም ይላል። በመጨረሻም ለፋብሪካው ምክር ስጡ ይላል።

ሳቄ አመለጠኝ። ፈታኙ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ወደ ቦታቸው ሲመለሱ እንደገና አመለጠኝ። በኋላ እንደሰማሁት ሬድዋንም በክፍሉ ውስጥ በዚሁ ሰዓት አካባቢ ስቋል። ጵርስቅላ አልሳቀችም፤ የመዘምራን አባል በመሆኗ አንጎራጎረች። ፈታኞቹ ይህን ሁሉ በሪፖርታቸው «በሳቅና በዜማ ምልክት ተለዋውጠዋል» ብለው ጽፈውታል። ከክፍል ክፍል የሚሰማ ሳቅ አለመሳቃችንን ግን እዚያው የነበሩ ተፈታኞች ይመሰክራሉ።

ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ። ፋብሪካ እና ባለማሽን ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ባነሳም እጄ ሌላ ጻፈ። መልሱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም «ጋሽ» እና «እትዬ» የሚሉትን ትርጉም ስላጣሁላቸው እንዳሉ አስቀመጥኳቸው። በቁጥር 1682 መሠረት የእትዬ ብዙነሽ ዝምታ መቀበል እንዳልሆነ ጻፍኩ። ቀጥሎም በቁጥር 1681 መሠረት መቀበል በቃል ወይም በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተለመደ ምልክት ወይም ጥርጥር በሌለው አድራጎት ሊገለጽ እንደሚችል ጨመርኩ። መደምደሚያዬም ይህ ነበር፦ «ከዘራው በእትዬ ብዙነሽ እጅ ስለሚገኝ ጋሽ ዘነበ ደግመው እንዲጠይቁ ይመከራሉ።»

ጓደኞቼም ይህንኑ ጻፉ። ሳንነጋገር ነው የጻፍነው። ምክር ስጡ ስትባል ማንን ነው የምትመክረው? በዚያ ጠዋት ምክር የሚያስፈልገው ሰው ለሦስታችንም አንድ ብቻ ነበር።

9. ጥር 23 ቀን ሦስታችንም ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀረብን። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ በጥያቄው ውስጥ ጋሽ ዘነበ የሚባል ሰው እንደሌለ፣ እትዬ ብዙነሽም እንደሌሉ፣ ከዘራ ደግሞ ጭራሽ እንደሌለ፣ ይህ ሦስት መልስ ላይ እንዴት ሊገኝ እንደቻለ ጠየቁን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። ጋሽ ዘነበ መልስ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰው ነው ወይ፣ ከዘራስ የምስጢር ቃል ነው ወይ ተባልን።

እውነቱን እንዳንናገር ቃል ገብተናል። ሐሰት እንዳንናገር ደግሞ አስተዳደጋችን አይፈቅድም። ሬድዋን ጣሪያውን አየ፣ ጵርስቅላ ጫማዋን አየች፣ እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ሦስታችንም ዝም አልን። ኮሚቴውም በቃለ ጉባኤው «ሲጠየቁ ዝም በማለታቸው ጥፋታቸውን እንዳመኑ ተቆጥሯል» ብሎ ውጤታችን እንዲሰረዝ፣ ለአንድ ዓመትም ከፈተና እንድንታገድ ለክብርነትዎ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ዓመት ማለት ለእኔ የዋና ሂሳብ ሠራተኛው ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል ማለት ነው።

10. ይህን ለወ/ሮ ብዙነሽ ስንነግራቸው በርሜሉ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ተቆጡ። «የእኔን ዝምታ እምቢ ነው ያለ ሕግ፣ የእናንተን ዝምታ እንዴት አዎ ነው ይለዋል?» አሉ። ከዚያ ከቃላችን ፈቱን፤ ጻፊ፣ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊ፣ እኔም እፈርማለሁ አሉኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ የሕግ ክርክር ማዘጋጀት ስላልቻልኩ የእሳቸውን እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

11. ከዚህ በተጨማሪ የሌሎቹን ጥያቄዎች መልስ እንዲያስተያዩልን እንጠይቃለን። ወረቀቶቻችን ኮሚቴው ፊት ሲዘረጉ እንዳየሁት፣ ስለ ማኅበር መፍረስ ጵርስቅላ የጻፈችው ረጅምና ግሩም ነው፤ እኔ የጻፍኩት አጭርና የተደናገረ ነው። የምኮርጅ ብሆን ያንን ነበር የምኮርጀው። ሬድዋን ስለ ቼክ የጻፈውንም እዚያው አይቼዋለሁ፤ በዓለም ላይ እሱ ብቻ የሚያውቀው ሕግ ነው። ሰው ሊኮርጅ ከተነሳ ደግሞ ማለፊያ መልስ ይኮርጃል እንጂ በጥያቄው ውስጥ የሌለ ከዘራ አይኮርጅም።

ስለዚህ የተከበረው ቢሮዎ፦

ሀ. ዝም ማለታችን እንደ እምነት ቃል እንዳይቆጠርብን፣ የታገደው ውጤታችንም እንዲለቀቅልን፤

ለ. ማለፍ መውደቃችን በጻፍነው ልክ እንዲለካ። ብንወድቅ በራሳችን እንውደቅ፤ እኔ ግን ዘንድሮ እንዳለፍኩ ይሰማኛል፤

ሐ. ውሳኔው በተቻለ መጠን ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሰጠን በትሕትና እናመለክታለን። ወ/ሮ ብዙነሽ የልጆቹ ጉዳይ ሳያልቅ የማንንም ሽማግሌ ደጄ ላይ ማየት አልፈልግም ብለዋል። ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ሁለቱም ብቻቸውን የቆዩት እስካሁን ይበቃቸዋል ብለን እናምናለን።

12. በመጨረሻም ስለ መልእክተኛው ላሳውቅዎ። እኛ በሥራ ቀን ፈቃድ ስላላገኘን ይህን አቤቱታ ይዘው የሚመጡት ጋሽ ዘነበ ራሳቸው ናቸው። የእድር አባል ሲቸገር ዳኛው ቤቱ አይቀመጥም ብለው ሱፋቸውን አስተኩሰዋል። በምን እንደተከሰስን አልነገርናቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁንም፤ ልጆቹ ተበድለዋል ማለቱ በቅቷቸዋል። ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት እንኳ እስከ ግርጌው ሳያነቡ አይጥሉም። ከየካ አባዶ እስከ ቢሮዎ መንገዱ ረጅም ነው፣ ጭንቅንቁም አለ። ፖስታው እንዳይታሸግ ያዘዙት ወ/ሮ ብዙነሽ ናቸው።

እንግዲህ በርዎ ላይ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራ ያልያዙ፣ ፊታቸው የበራ ሽማግሌ ቢያዩ የፈተና ሻጭ አይደሉምና ዘበኞቹ እንዳይመልሱብን። ወረቀቱም ተጨማድዶ ቢደርስዎ ይቅርታ ያድርጉልን። ብዙ እንዳያስጠብቋቸው ብቻ እለምናለሁ፤ ሲመለሱ የሚጠይቁት ሰው አለ።

የቢሮዎን ፍትሕ በተስፋ እየጠበቅን፣

ከሰላምታ ጋር

ሰገነት ሕሩይ (ፊርማ)
ሬድዋን ሸምሱ (ፊርማ)
ጵርስቅላ ሕዝቅኤል (ፊርማ)

የምስክር ቃል፦

እኔ ወ/ሮ ብዙነሽ፣ የእድሩ ዕቃ ኃላፊ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ አንብቤ እውነት መሆኑን በገዛ እጄ ጽፌ አረጋግጣለሁ። ልጆቹ አልኮረጁም፤ የጻፉት የእኔን ነገር ነው። ጭልፋውን ግን አስፈራርቼበታለሁ እንጂ አልመታሁትም፤ ይህ ይታረምልኝ። ዝም ማለት በቢሮ እንደማያዋጣ አሁን ስለገባኝ፣ ለሚመለከተው ሰው ሁሉ በጽሑፍ አሳውቃለሁ፦ ከዘራው እኔ ቤት ነው። መልሴም እሺ ነው።

ብዙነሽ (ፊርማ)